ማሰሮው ውስጥ የቀሩት ብልቃጦች

ዘሪቱዬ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። እንደምን ከረምሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ደብዳቤ እንዲያ ነው የሚጀመረው። ለአንቺ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ይልቅ እኔ እንደምን እንደከረምኩ ልንገርሽና ልገላገል፤ ክፉኛ ነው የከረምኩት። ሰው ሲጠይቀኝ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። አንቺ ውሸቴን ከድምፄ ትለይው ስለነበር አንቺን ማታለል ዛሬም አልችልም።

በወላይትኛ ልጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። የተጣላነውም የታረቅነውም በእሱ ስለሆነ ገና ስምሽን ስጽፍ ድምፅሽ ይመጣብኝና ከሁለተኛው መስመር አላልፍም። አማርኛ ለእኔ የቃለ ጉባኤና የማመልከቻ ቋንቋ ነው፤ ደረቅ ነገር በእሱ መናገር ይቀለኛል። የምነግርሽ ነገር ደግሞ ደረቅ ነው። በሕይወት ሳለሽ አንድ ቀን አጠገብሽ ቁጭ ብዬ፣ እጅሽን ይዤ ልነግርሽ የሚገባኝ ነበር።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። እናትሽ የቦዲቲውን ቤታቸውን ዘግተው መጥተው ከእኛ ጋር ናቸው። ጉልበታቸው ቢደክምም ልጃችንን ሶስናን አዝለው ጓሮውን ይዞራሉ፤ እኔ ልያዛት ስላቸው ይቆጡኛል። ስለ አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ልጄን ምን አደረግካት ብለው ቢጮሁብኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ቦይናውን፣ በአማርኛ ጎደሬውን፣ ቀቅለው፣ የበርበሬ ዳታውን አዘጋጅተው ብላ ይሉኛል፤ እኔም አቀርቅሬ እበላለሁ።

የተከልሻቸው እንሰቶች ቁመቴን አልፈዋል። በበሩ በኩል ያለው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ፤ ያፈራው ግን ለጎረቤት ልጆች ነው፣ ለእኛ አንድም አልደረሰንም። የስፌት መኪናሽ መስኮቱ ሥር እንደቆመ አለ። ልንገዛው ብለው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ አይሆንም ብዬ መለስኳቸው። ሶስና ከሥሩ ትቀመጥና ትልቁን ጎማ በእጇ ታሽከረክረዋለች፤ መርፌው ያለ ክር ከላይ ወደ ታች ሲዘልላት ትስቃለች። መርገጫውን ግን አትነካውም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላት ነው። ወሬኛ ሆናለች። ወላይትኛውን ከአያቷ፣ አማርኛውን ከአከራዮቹ ልጆች ወስዳ እንደ ፈለገች ታደባልቀዋለች፤ እናትሽን አንተ፣ እኔን አንቺ ትላለች። ቁጭ ትላለች፤ በክርኗም ተስባ በሩ ድረስ ትሄዳለች። እግሮቿ ግን የሌላ ሰው እግር ናቸው፤ ቀጥነዋል፣ ብትቆነጥጪያቸውም አታውቅም። ጀርባዋ ላይ ያለው የኦፕሬሽን ስፌት ጠባሳ ትቷል። እንዳንቺ ስፌት ቀጥ ያለ አይደለም። ጭንቅላቷ ውሃ እንዳይይዝ በየጊዜው ለክትትል ይዣት እሄዳለሁ። መልኳ አንቺን ነው፣ ግንባሯ የእኔ።

እንዴት እንደተዋወቅን እነግራታለሁ፤ ባይገባትም ትሰማኛለች። የመዘምራኑን ልብስ ልትሰፊ ሜትርሽን አንገትሽ ላይ ጥለሽ መጣሽ። እኔ የወንዶቹ መስመር መጨረሻ ላይ ነበርኩ። ትከሻዬን ለካሽ፣ ጻፍሽ፣ ተመልሰሽ ደግመሽ ለካሽ። ከዚያ መምህር፣ አንዱ ትከሻህ ዝቅ ብሏል፣ ቦርሳህን እያቀያየርክ ያዝ አልሽኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ልብሱ ሲመጣ ግን ከሁሉም ሰው ይልቅ በእኔ ላይ ነበር ቀጥ ብሎ የወረደው፤ ለዝቅተኛው ትከሻ ከውስጥ ጨርቅ ደርበሽለታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦርሳዬን እያቀያየርኩ ነው የምይዘው።

በተጋባን በዓመቱ መክሳት ጀመርሽ። ውሃ አልጠግብ አልሽ፤ የመኪናው መርገጫ ከበደኝ አልሽ። ስኳር ነው ተባልን። አንቺ አለቀስሽ። እኔ ደግሞ የባዮሎጂ መምህር አይደለሁ፣ በክፍል ድምፄ ቆሽት፣ ሆርሞን፣ ኢንሱሊን እያልኩ አስረዳሁሽ። አንቺ እንባሽን ጠርገሽ፣ ይሄን ሁሉ እያወቅክ ሦስት ወር ሙሉ ስከሳ ምን ታይ ነበር ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንደ ቀልድ ነበር ያልሽው።

ፍሪጅ ስላልነበረን ነርሷ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጋችሁ መድኃኒቱን ከመሃል አስቀምጡ አለችን። ገበያ ወርደሽ ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ በጣትሽ እያንኳኳሽ ሻጭዋን ያስመረርሻት ዓይኔ ላይ አለ። ቤት ስናመጣው «ፍሪጃችን» አልሽው፤ ጎረቤቱም ፍሪጅ ገዙ እያለ አወራ። በየጠዋቱ አሸዋውን ውሃ ታርከፈክፊለታለሽ፣ መርፌሽን ትወጊያለሽ፣ ቁርስሽን ትበያለሽ፣ መኪናሽ ላይ ትቀመጫለሽ። በስድስት ወር ጉንጭሽ ተመለሰ። ያ ጊዜ ደግ ጊዜ ነበር፤ ደግ መሆኑን ሳናውቅ አለፈ።

አሁን ወደ መጥፎው ልምጣ።

የጾም ጸሎቱን ሳምንት ታስታውሻለሽ። አንቺ እንዳትጾሚ ተነግሮሽ ስለነበር በልተሽ፣ ተወግተሽ ነበር የምትመጪው። በሦስተኛው ቀን ወደ ፊት ወጣሽ፤ የአጥቢያችን ሽማግሌ እጁን ጫነብሽ፤ አብረን አለቀስን። በማግስቱ ጠዋት የስኳር መለኪያው ላይ የወጣው ቁጥር የጤነኛ ሰው ቁጥር ነበር። በቀጣዩም ቀን እንዲሁ። አንቺ ቁጥሩን ዝም ብለሽ አየሽው። ተፈወስሽ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ዘሪቱ፣ ቁጥሩ የወረደው መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምጽፈው እኔ ነኝ። ተማሪ በፈተና እንዲህ ቢሳሳት ዜሮ እሰጠዋለሁ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው፤ ልዩነቱ በሬው ብቻውን ነው የሚወድቀው።

አንቺ መጀመሪያ ሆስፒታል ሄደን እንጠይቅ አልሽ። ሻሽሽን መስታወቱ ፊት እያሰርሽ ነበር። እኔ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሄጄ ስምሽን ለፕሮግራም መሪው አስመዘገብኩ፤ የእሁድ መስካሪዎች ስም እስከ ቅዳሜ ነው የሚገባው። በእኛ አጥቢያ ደግሞ ልማድ አለ፤ ከበሽታ ተፈወስኩ የሚል ሰው መድኃኒቱን ይዞ መድረክ ይወጣል፣ ሕዝቡ አይቶ እንዲያመሰግን። ብልቃጡንና ሲሪንጆቹን በነጭ መሐረብ ጠቅልዬ እጅሽ ላይ ያስቀመጥኩልሽ እኔ ነኝ። ሽማግሌው ብልቃጡን ከፍ አድርጎ ሲያሳይ ሕዝቡ በእልልታ ተነሣ፤ ስልኮች ሁሉ ወደ አንቺ ዞሩ። መርፌዬን አስቀምጫለሁ ስትይ ዓይንሽ በመዘምራኑ መካከል እኔን ይፈልግ ነበር። እኔም ራሴን ነቀነቅኩልሽ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሕዝብ ፊት ተፈውሻለሁ ያለች ሴት በማግስቱ ስትወጋ ብትታይ እግዚአብሔርን ዋሾ አደረገችው ትባላለች። መለኪያውንም መሳቢያ ከተትነው፤ መለካት መጠራጠር ነው ተባለ። አራት ሳምንት እንዲሁ ቆየሽ። ከሳሽ፤ ከጾሙ ነው አልን። ውሃ አበዛሽ፤ ሙቀቱ ነው አልን። ከአፍሽ ጣፋጭ ነገር ይሸተኝ ጀመር፤ ልክ ከመጠን በላይ እንደበሰለ ሙዝ። ሙዝ ተራ ነው እንዴ የምትውይው ብዬ ቀለድኩብሽ። ሳቅሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ስታዋሪኝ አፍሽን በነጠላሽ ጫፍ መሸፈን ያዝሽ። ያን ቀልዴን ስንቴ መልሼ ልውጠው እንደሞከርኩ ብታውቂ።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ከክፍል ተጠራሁ። መኪናሽ ላይ ተደፍተሽ ተገኘሽ፤ ግማሽ የተሰፋ እጅጌ ከመርፌው ሥር እንደተያዘ ነበር። በባጃጅ ሆስፒታል ስናደርስሽ የምትተነፍሺው ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው ነው። ወጣቷ ሐኪም ገና አልጋሽ አጠገብ ስትደርስ ሽታውን አወቀችው። ቆይታ ነገረችን። ስኳሩ ደምሽ ውስጥ ሞልቷል፤ ግን ያለ ኢንሱሊን ወደ ሰውነትሽ አይገባም፤ ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ የጠፋበት ቤት በይው። ሰውነት ሲርበው የራሱን ስብ ያቃጥላል፤ ከዚያ ቃጠሎ የሚተርፈው አሲድ ደምን ያኮመጥጣል፤ ስሙ ኪቶን ነው። የሙዙ ሽታ እሱ ነበር። ቆሽትሽ ጥቂት ጥቂት የሚሠራ ባይሆን ኖሮ አራት ሳምንት ባልቆየሽ ነበር። እዚያው አልጋ ላይ ሳለሽም ሌላ ወሬ ይዛ መጣች፤ እርጉዝ ነሽ አለችሽ። እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ። አንቺ ጣሪያውን እያየሽ፣ ይሄንንም ሄደህ እንዳታስመዘግብ አልሽኝ።

ከዚያ በኋላ መርፌሽን አላቋረጥሽም። በሚስጥር ነበር የምትወጊው፤ ሶዶ ውስጥ ግን ሚስጥር አያድርም። ሽማግሌው ቤት መጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንቺን ሳያይ፣ ጥርጣሬ በር ካገኘ ይገባል ብሎኝ ሄደ። ቢያንስ ያን ቀን ልቆጣ ይገባኝ ነበር። በሩ ድረስ ሸኘሁት።

ሶስና የተወለደች ቀን ቀድሜ ያየኋት እኔ ነኝ። አንቺ ከኦፕሬሽኑ ገና አልነቃሽም። ጀርባዋ ላይ፣ ከወገቧ ከፍ ብሎ፣ ቲማቲም የሚያክል ስስ ከረጢት ነበር። ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አቆመችኝ። የሕፃን ጀርባ የሚገጠመው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው አለች፤ እናትየዋ ገና ማርገዟን ሳታውቅ። ያኔ የእናት ስኳር ከፍ ካለ፣ ከስብ ቃጠሎ የሚተርፉትም እነዚያ አሲዶች በደሟ ከበዙ፣ ግጥሙ ሊዛባ ይችላል። ይሄ ብቻ ነው ምክንያቱ ብዬ አልምልልህም አለችኝ፤ ስኳር የሌለባት እናትም እንዲህ ያለ ልጅ ትወልዳለች። ግን አደጋው በእነዚያ ሳምንታት ይጨምራል። በጣቴ ቆጠርኩ። አራቱ ሳምንታት ነበሩ፤ የመሐረቡና የመድረኩ ሳምንታት።

ስትነቃ አንተው በቀስታ ንገራት አለችኝ። ሌላ ጊዜ ልጅ ስትፈልጉ ከማርገዟ በፊት ስኳሯ ይስተካከል፣ ፎሊክ አሲድም አስቀድማ ትጀምር፣ መድኃኒቷን ግን ምንም ቢመጣ አንድ ቀን እንዳታቋርጥ። እነግራታለሁ አልኩ።

አልነገርኩሽም። ለራሴ ያልኩት እንዲህ ነበር፤ አራስ ሴት ናት፣ ቁስሏ ይድረቅ፣ ልጅቷ ትታከም፣ ኋላ እነግራታለሁ። ውሸት ነው። የፈራሁት ለአንቺ አልነበረም። የሶስና ጀርባ መቼ እንደተከፈተ ከነገርኩሽ ስምሽን ማን እንዳስመዘገበ ታስታውሻለሽ ብዬ ነው። አንቺ ቂም አትይዥም ነበር፤ ግን ታዪኝ ነበር። ያን ዓይን ሸሽቼ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ከዚያ ሴቶቹ ሊጠይቁሽ መጡ። የቆጮ ሙቿ ሠርተው፣ ቅቤውን አብዝተው ነበር የመጡት፤ ደግ ሴቶች ናቸው፣ ያን አልክድም። የእናቶች ጸሎት መሪዋ ሶስናን አገላብጣ ጀርባዋን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የተሰጣትን ፈውስ መልሳ በመርፌ ወጋችው፤ ውጤቱ ይኸው» አለች። ሌሎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ቦይና እየላጥኩ ነበር። እውነቱ የዚያ ፍጹም ተቃራኒ እንደሆነ ከዚያ ቤት ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንቺ ቀና ብለሽ አየሽኝ፤ አንድ ቃል ትጠብቂ ነበር። እኔ ቦይናውን ልጬ ጨረስኩ፣ ሌላም አነሣሁ።

ያን ቀን ነው የሞትሽው ብዬ አምናለሁ። የቀረው ሦስት ወር ለቀባሪ ነው።

ልጅሽን በራስሽ ልትዋጂ ወሰንሽ። መርፌ ስለወጋሁ ጀርባዋ ተከፈተ፣ መርፌውን ብተው እግሯ ይንቀሳቀሳል ብለሽ ነበር፤ ይህን በኋላ እናትሽ ናቸው የነገሩኝ፣ ለእሳቸው በጨረፍታ ብለሻቸው ነበር። በየጠዋቱ መጋረጃው ጀርባ ትገቢያለሽ፤ ሲሪንጁ ሲከደን እሰማለሁ፤ ትወጫለሽ። መጀመሪያ ቀን እየዘለልሽ ነበር መሰለኝ፣ ኋላ ግን ጭራሹን ተውሽው። አንድ ሰኞ ያ ሽታ መጣ። ይህን ጊዜ አልቀለድኩም። መርፌሽን ተወጋሽ ወይ አልኩሽ፤ አዎ አልሽ። ማሰሮውን ገልጦ ለማየት ሦስት እርምጃ ነበር የሚበቃኝ። አዎ ያልሽው ስለቀለለኝ አመንኩሽና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማክሰኞ ቀትር ላይ ሆስፒታል ሳንደርስ አረፍሽ።

ከቀብርሽ በኋላ ማሰሮውን ገለጥኩት። አሸዋው እርጥብ ነበር። ሰባት ብልቃጥ፣ ክዳናቸው ያልተነካ። መድኃኒቱን ትተሽ አሸዋውን በየቀኑ ውሃ ታርከፈክፊ ነበር፤ እኔ እንዳላውቅብሽ ይሁን ወይስ አንድ ቀን ልትመለሺበት አስበሽ፣ እስከ ዛሬ ይህን እየጠየቅኩ ነው።

አዝኜብሻለሁም፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። የአራት ወር ልጅ ጥለሽ እንዴት ሄድሽ? መለስ ብለሽ እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? ከዚያ ደግሞ አስታውሳለሁ፤ ጠይቀሽኛል። በዓይንሽ ጠይቀሽኝ ቦይና ስልጥ ነው ያገኘሽኝ።

ለቅሶሽ ላይ የተባለው ሁሉ ጥሩ ነገር ነበር። እግዚአብሔር ወደዳት፣ ወሰዳት ተባለ። ስለ ምስክርነቱም ስለ መርፌውም ውሾን ያነሳ ውሾ ተባለና ታለፈ። እኔም አብሬ አለፍኩት፤ በመዘምራኑ መስመር ቆሜ ዘመርኩ። እንዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ከጉኑኖ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ትምህርት ቤቴን አጠያይቃ ነው ያገኘችኝ። አዲስ ተጋቢ ናት፣ ስኳር አለባት፣ ልጅ ትፈልጋለች። የአንቺን ምስክርነት ስልክ ለስልክ ተላልፎ አይታዋለች። መድረኩ ላይ ቆመሽ፣ ሻሽሽን አስረሽ፣ መርፌዬን አስቀምጫለሁ ስትይ። መሞትሽን የሚናገር ነገር እዚያ ላይ የለም። እሷም መርፌዋን ካስቀመጠች ሦስተኛ ቀኗ ነው። እኔን የፈለገችኝ ልትጠይቀኝ ነው፤ ዘሪቱ አሁን እንዴት ናት፣ ስንት ልጅ ወለደች አለችኝ።

ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። መጀመሪያ አሁኑኑ መርፌሽን ውጊ አልኳት፤ ቀጥሎ መጣሁ፣ ጠብቂኝ አልኳት። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ለባልደረባዬ ሰጥቼ፣ ማሰሮሽን በነጠላሽ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ወረድኩ። ባልና ሚስቱን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቁጥሩን፣ መሐረቡን፣ ሽታውን፣ ኮሪደሩን፣ የሶስናን ጀርባ። ሞታለች ስላቸው ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ አንቺ በነጠላሽ እንደምትሸፍኚው። ድምፄን አውጥቼ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ለማላውቃቸው ሰዎች ይህን ያህል ከቀለለ ለአንቺ ስለ ምን ከበደኝ? ባልየው መጨረሻ ላይ ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልከውን ድገምልኝ አለኝ። ደገምኩለት። አሁን ከሐኪም ጋር ተማክረው ስኳሯ እስኪስተካከል ልጅ መውለዱን አቆይተውታል። ማሰሮሽን እዚያው ትቼላቸዋለሁ፤ እነሱም ፍሪጅ የላቸውም።

ተመልሼ ሽማግሌውን ምስክርነቱ እንዳይሰራጭ አስነግርልኝ አልኩት። ያኔ የተመሰከረው ያኔ እውነት ነበር፣ ስንቱን እያጽናና ነው፣ ሟችንም እናሳርፋት አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሄጄ ለፕሮግራም መሪው ስም አስመዘገብኩ፣ የራሴን። ምስጋና ነው አልኩት። እሁድ በዚያው ነጭ መሐረብ አንድ ያልተከፈተ ብልቃጥ ጠቅልዬ ወጣሁ። ይህ የዘሪቱ ነው፣ ባለመወጋቷ ሞተች፣ የልጄም ጀርባ ሳይገጠም የቀረው መርፌውን ባስጣልናት ሳምንታት ነው ስል ማይኩ ጠፋ። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ያለ ማይክ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። የጸሎት መሪዋ መሬት መሬት ታይ ነበር። አሜን ያለ አልነበረም።

ከመዘምራኑ ለጊዜው ዕረፍት አድርግ ተባልኩ። ልብሱንም መልስ ተባልኩ፤ ለሌላ ሰው ይሆናል ብለው ነው። አንዱ ትከሻው ለእኔ ተደርቦ የተሰፋ ነው፣ ለማንም አይሆንም። አልመለስኩትም። በር ላይ ተሰቅሏል፤ ሶስና እጅጌውን እየጎተተች ትጫወትበታለች።

ባለፈው ሳምንት ከመኪናሽ ሥር ተቀምጣ በክር መጠቅለያ እግሯን እየመታች፣ እግሬ ለምን ይተኛል አለችኝ። እናትሽ ፈጥነው እግዚአብሔር ያውቃል አሏት። እኔ ዝም አልኩ። ገና ሕፃን ናት፣ ብነግራትም አይገባትም ብዬ ነው። ግን ዝምታው የማውቀው ዝምታ ሆኖብኝ ቀኑን ሙሉ ፈራሁት።

ስለዚህ ቃሌን እሰጥሻለሁ። አንድ ቀን ሶስናን «እግርሽ የተኛው በእናትሽ መርፌ ምክንያት ነው» የሚላት ሰው ይመጣል፤ በዚህ ከተማ አይጠፋም። እኔ ያን ሰው እቀድመዋለሁ። አስቀምጬ በወላይትኛ እነግራታለሁ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳልቆም። ሆስፒታል ሄደን እንጠይቅ ያለችው እናትሽ ናት፣ ስሟን ያስመዘገበው አባትሽ ነው እላታለሁ። በጥላቻ ብታየኝም ዓይኗን አልሸሽም። አንቺን ስናስታውስሽ እንዲህ ነው፤ ማሰሮ አንኳኩተሽ የመረጥሽ፣ ትከሻ ሁለቴ የለካሽ፣ ስለ ልጅሽ ብለሽ በተሳሳተ ወሬ የሞትሽ፤ ያንን ወሬ ማቃናት ስችል ቦይና የላጥኩት ደግሞ እኔ።

እሷ ትሰማዋለች። አንቺ ሳትሰሚው ሄድሽ።

መምህርሽ